ከመንገድ ተባርሮ ኦሎምፒክ የደረሰው ጣውላ

በ2002 መገባደጃ ላይ፣ በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ከተማ፣ የ92 ዓመቱ አዛውንት ኤድመንድ ቤከን የራስ መከላከያ ቆብ አድርገው፣ ከግራና ከቀኝ ተደግፈው ላቭ ፓርክ በሚባለው አደባባይ ላይ ስኬትቦርድ ነዱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤከን ለረጅም ጊዜ የከተማዋ የፕላን ኃላፊ የነበሩ፣ የአደባባዩንም ሐሳብ ያመነጩ ሰው ናቸው። በዚያ ቀን ያደረጉት ግን በሕግ የተከለከለ ነበር። የወጡትም ክልከላውን ለመቃወም ነው።

አንድ ጣውላና አራት ጎማ ይህን ያህል ጠብ ለምን አስነሳ?

ስኬትቦርድ የተወለደው በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በባሕር ማዕበል ላይ በጣውላ የሚንሸራተቱ ወጣቶች ማዕበል በሌለበት ቀን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አልሆነላቸውም። የስኬቲንግ ጫማ ጎማ ነቅለው ጣውላ ላይ መቱ። በ1963 ውድድር ተጀመረ፤ ፋብሪካዎችም በገፍ ያመርቱ ጀመር። የዚያ ዘመን ጎማ ግን ከብረት ወይም ከሸክላ የተሠራ ስለነበር ትንሽ ጠጠር ሲያገኘው ቀጥ ይልና ልጁን አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ሐኪሞች አስጠነቀቁ፤ ከተሞች አገዱ። በ1965 ገበያው ወደቀ።

ያዳነው የጎማ ለውጥ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፍራንክ ናስወርዚ የተባለ ወጣት ዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ፣ አስፋልት ቆንጥጦ የሚይዝ ጎማ ለገበያ አቀረበ። በ1976 እና በ1977 ደግሞ ካሊፎርኒያን ድርቅ መታትና የብዙ ቤቶች መዋኛ ገንዳ ባዶ ሆነ። የሳንታ ሞኒካና የቬኒስ ልጆች አጥር እየዘለሉ ገቡ፤ በገንዳው ግድግዳ ላይ ሽቅብ መንዳት ያዙ። ዛሬ በኦሎምፒክ የሚታየው ጎድጓዳ የውድድር ሜዳ ቅርጹን የወረሰው ከእነዚያ ደረቅ ገንዳዎች ነው።

ከዚያ ለስፖርቱ ተብለው የተሠሩ ፓርኮች በየከተማው ተከፈቱ። ብዙም አልቆዩ፤ የመድን ወጪው ሲንር በ1980 አካባቢ አብዛኞቹ ተዘጉ። ሜዳ ያጣው ልጅ ጎዳና ወጣ። አለን ጌልፋንድ የጀመረውን፣ ጣውላውን በእጅ ሳይነኩ የመዝለል ስልት ሮድኒ ሙለን ለጥ ወዳለ መሬት አመጣው። ከዚያ ወዲህ ደረጃው፣ የብረት መደገፊያው፣ የድንጋይ አግዳሚው ሁሉ ሜዳ ሆነ። ከከተማ አስተዳደሮች ጋር የነበረው ጠብም በዚሁ ከረረ።

የአስተዳደሮቹ ቅሬታ መሠረተ ቢስ አይደለም። የድንጋይ ጠርዝ ይሸረፋል፣ እግረኛ ይገጫል፣ የልጅ አጥንት ይሰበራል። ነገር ግን እገዳ ምን አተረፈ? ኖርዌይ ከ1978 እስከ 1989 ስኬትቦርድ መንዳትንም መሸጥንም ከለከለች። ልጆቹ ጫካ ገብተው መንደርደሪያ እየሠሩ በድብቅ ነዱ። ፊላደልፊያም በ2004 አንድ የጫማ ኩባንያ እገዳው እንዲነሳ 1 ሚሊዮን ዶላር ልስጥ ቢላት እምቢ አለች።

ለንደን ላይ ነገሩ በሌላ መልክ ተቋጨ። በቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ሳውዝባንክ ከሚገኝ ሕንፃ ሥር፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ልጆች የሚነዱበት ቦታ አለ። በ2013 ቦታውን ሱቅ ለማድረግ ታቀደ። ወጣቶቹ ግን ተደራጅተው ፊርማ አሰባሰቡ፣ ተከራከሩ። በ2014 ቦታው ለእነሱ እንዲቆይ ስምምነት ተደረሰ፤ በ2019 ደግሞ ተዘግቶ የነበረው ክፍል ታድሶ ተከፈተ።

በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ስኬትቦርድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሜዳሊያ ውድድር ሆነ። በሴቶች የጎዳና ውድድር ወርቁን ያጠለቀችው ጃፓናዊቷ ሞሚጂ ኒሺያ ያኔ 13 ዓመቷ ነበር። የውድድሩ ሜዳ የተሠራው በደረጃ፣ በመደገፊያና በአግዳሚ ነው። ከተሞች ልጆችን ሲያባርሩባቸው የኖሩት ነገሮች እነዚሁ ናቸው።

አዲስ አበባም በ2016 የመጀመሪያውን የስኬትቦርድ ሜዳ አግኝታለች፤ የተሠራውም በአገር ልጆችና ከውጭ በመጡ በጎ ፈቃደኞች ጉልበት ነው። ሜዳው ከመሠራቱ በፊትም ልጆቹ በየአስፋልቱ ይነዱ ነበር።

ልጆች ቦታ ቢያጡም መጫወታቸውን አይተዉም፤ ከመኪና ጋር እየተጋፉ ይጫወታሉ። አደባባይ የሚነድፍ ባለሙያም ሆነ የሚያጸድቅ ሹም ይህን ከወዲሁ ቢያስብበት፣ በ92 ዓመቱ ሕግ ጥሶ የሚያስታውሰው አዛውንት ባላስፈለገ ነበር።