ከጨው ሜዳ እስከ ደጋ፦ መንገደኛና ውሻው በአፍሪካ ቀንድ

«ግመሎቹ ይሄዳሉ፤ ውሾቹ ይጮኻሉ» ይላል ተረታችን። ትርጉሙ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ዓላማ ያለው ሰው ለሐሜተኛ ጆሮ ሳይሰጥ መንገዱን ይቀጥል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ተረቱ ውሻን ከመንገደኛው ለይቶ፣ ዳር አቁሞ፣ በሚያልፈው ሁሉ ላይ የሚጮኽ ከንቱ ፍጡር አድርጎ ያቀርበዋል። «ውሻ» የሚለው ቃልም በአንደበታችን ከስምነቱ ይልቅ ለስድብነት ይውላል። ዛሬ በከተሞቻችን ዳርቻ ውሻውን በገመድ ይዞ ወደ ኮረብታ የሚወጣ ወጣት ሲታይ፣ «ከፈረንጅ የተቀዳ ልማድ ነው» ብሎ የሚያልፈው ሰው ጥቂት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነገሩ እንዲያ እንዳልሆነ ማሳየት፣ ቀጥሎም ይህ ረጅም ባልንጀርነት ያስከተለውን ዕዳ ማስታወስ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በድንጋይ ላይ የቀረ ዱካ

ከሐርጌሳ ወደ በርበራ ከሚወስደው ጎዳና ብዙም ሳይርቅ ላስ ጌል የሚባል ድንጋያማ ኮረብታ አለ። የአካባቢው አርብቶ አደሮች ሥፍራውን ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ የቀረው ዓለም የሰማው ግን በ2002 ዣቪዬ ጉተርዝ የመሩት የፈረንሳይ የአርኪኦሎጂ ቡድን ከደረሰበት በኋላ ነው። በኮረብታው ዋሻዎች ግድግዳና ጣሪያ ላይ አንገታቸው በጌጥ የተሸለመ ላሞች በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ቀለም ተስለዋል። ዕድሜያቸው በሺህ ዓመታት ይቆጠራል። ከላሞቹ ሥር እጆቻቸውን የዘረጉ ሰዎች ቆመዋል፤ ከሰዎቹም ጎን ውሻ አለ። ሠዓሊው ማን እንደ ነበረ፣ በምን ቋንቋ ይናገር እንደ ነበር አይታወቅም። ሀብቱን፣ ራሱንና ውሻውን ግን በአንድ ገጽ ላይ አስፍሮ ሄዷል።

ሁለተኛው ምስክር የሚገኘው በግብጽ ነው። ንግሥት ሐትሼፕሱት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ጶንጥ ምድር መርከቦች ልካ ነበር። ብዙ ሊቃውንት ጶንጥ በደቡባዊው ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዛሬው የአፍሪካ ቀንድ አካባቢ እንደ ነበረ ይስማማሉ። በደይር ኤል ባሕሪ በሚገኘው የንግሥቲቱ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ መርከቦቹ የጫኑት ዕቃ በዝርዝር ተቀርጿል፤ ከርቤው፣ ዞጲው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝንጀሮው፣ የነብር ቆዳው ይጠራና ከእነርሱ ጋር ውሾችም ይቆጠራሉ። የዚህ ምድር ውሻ ባሕር ተሻግሮ ለቤተ መንግሥት የሚበቃ ገጸ በረከት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ምስክር በቤታችን የነበረ፣ ነገር ግን ልብ ያላልነው ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አንዱ መጻሕፍት መካከል በምትቆጥረው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ወደ ሩቅ አገር ሲጓዝ ውሻው አብሮት ይሄዳል፤ ሲመለስም ይከተለዋል። ውሻው ስም የለውም፤ ሌባ አላባረረም፤ አውሬም አልገደለም። ጸሐፊው የመዘገበለት አብሮ መሄዱን ብቻ ነው። ከጥንታውያን መጻሕፍት መካከል ስለ ውሻ ይህን ያህል ትንሽ ተናግሮ ይህን ያህል ብዙ የገለጸ ማግኘት ያዳግታል።

አሞሌ የሄደበት መንገድ

የቀንዱ ምድር ታላላቅ የእግር ጎዳናዎች ሲነሡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው የጨው መንገድ ነው። መነሻው በአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ የሚገኘው የአሳሌ ጨው ሜዳ ሲሆን፣ መድረሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጠው የትግራይ ደጋ ነው። በዝናም ወራት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ የሜዳውን ዳር ረግረግ ያደርገዋል፤ ፀሐዩ ውሃውን ሲመጥጠው ነጩ ቅርፊት እንደገና ይጠነክራል። የአፋር ጨው ቆራጮች ቅርፊቱን በእንጨት ፈንቅለው፣ በመሣሪያ ጠርበው፣ አራት ማዕዘን ያስይዙታል። ግመሉ፣ በቅሎውና አህያው ተጭነው በበራህሌ በኩል በገደላማው ሸለቆ ወደ ደጋ ይወጣሉ።

ጎዳናው ጥንታዊ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው የግሪክ ነጋዴ፣ የአክሱም ንጉሥ መልእክተኞች ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው ወርቅ ወደሚገኝበት አገር ይጓዙ እንደ ነበር ጽፏል። በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ከመነሻውም በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚንር ተመልክቷል። ኢየሱሳዊው ጀሮኒሞ ሎቦ በ1625 ከበይሉል ወደብ ተነሥቶ ይህንኑ የጨው ምድር በእግሩ አቋርጦ ትግራይ ገብቷል። አሞሌም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ከማርትሬዛ ብር ጎን ገበያ ሲያገለግል ቆይቷል።

ታዲያ በዚህ መንገድ ላይ ውሻ የት አለ? መልሱ በመሬቱና በእንስሳው ተፈጥሮ ውስጥ ነው። ሰው በመላ አካላቱ ያልበዋል፤ ውሻ ግን የሚያልበው በመዳፉ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። አየሩ ራሱ እንደ ምድጃ በሚጋልበት ሜዳ ማለክለክ ብዙ አያድንም። የጨው ቅርፊት መዳፉን ይሰነጥቀዋል፤ ቁስሉን ሲልስ ጨው ይውጣል፤ ጠምቶት ጨዋማውን ውሃ ከጠጣም ያስታውከዋል፤ ከበዛም ሊገድለው ይችላል። ሲራራ ነጋዴው ለጭነት እንስሳቱ መኖና ውሃ ጭኖ በሚወርድበት ምድር፣ የማይሸከም አፍ ትርፍ ነው። ስለዚህ የጨው ሜዳ የግመል፣ ዳገቱ የበቅሎና የአህያ፣ ከላይ ያለው የእረኛ መንደር ደግሞ የውሻ ግዛት ነው። ተረታችን ግመሉን መንገደኛ፣ ውሻውን የመንደር ጯሂ ያደረገው ምናልባት ይህንኑ የተፈጥሮ ድርሻ ተመልክቶ ይሆናል። ዛሬም ውሻውን ወደ ጨዋማ ረግረግ ይዞ የሚወርድ ሰው ጎህ ሳይቀድ መነሣት፣ ንጹሕ ውሃ ለሁለት መያዝ፣ ሲመለስም የውሻውን መዳፍ ማጠብ ይገባዋል።

የደጋው ዕዳ

ወደ ደጋ ስንወጣ የውሻው ቦታ ይለወጣል። በባሌ ተራሮች የሚኖረው አርብቶ አደር ከብቱንና በጉን ከጅብና ከነብር የሚጠብቅለት ውሻው ነው። ባለቤቱ ከመንደር ወደ ግጦሽ ሲወጣ ውሻው ሳይጠራ ይከተለዋል። በላስ ጌል ዋሻ የተሳለው ጥምረት በዌብ ሸለቆ ዛሬም በሕይወት አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን በዚያው ተራራ ሌላ ባለርስት አለ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ በሕይወት ያሉት ጎልማሶች ቁጥር ከ500 አይዘልም፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በባሌ ይኖራሉ። ከ3000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ሜዳ ፍልፈልና አይጥ እያደነ ይኖራል። ከቤት ውሻ ጋር የቅርብ ዘመድ በመሆኑ የውሻ በሽታ ሁሉ ይይዘዋል። የእብድ ውሻ በሽታ በ1991 እና በ1992፣ በ2003 እና በ2004፣ በ2008 እና በ2009፣ እንዲሁም በ2014 የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ጨርሷቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወረርሽኞች አጥኚዎች ይከታተሏቸው ከነበሩት መንጋዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንስሳት አልቀዋል። ዲስተምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታም በ2010 እና በ2015 ተከትሏል። ቀይ ቀበሮ ብቻውን ያድናል እንጂ አብሮ ያድራል፤ ንጋትና ምሽት ላይ የመንጋው አባላት ተገናኝተው ይላላሳሉ። በዚህም ምክንያት አንዱን የያዘው በሽታ ለሁሉም ይደርሳል።

በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በዓመት ሺህ የሚቆጠሩ የመንደር ውሾችን ሲከትብ ኖሯል። በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ ቀበሮዎቹ ራሳቸው ተይዘው ተከተቡ፤ በሽታው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው የሚሻገርባቸው ማለፊያዎች ላይ ያሉትን ብቻ በመከተብ ስርጭቱን መግታት ተቻለ። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተሰውሮ ቀበሮዎቹ እንዲበሉት ይደረጋል። ይህ ሁሉ ድካም አንድን እውነት አይለውጥም፤ በሽታው ወደ ተራራው የሚወጣው በሰው መንገድ፣ የሰውን ኮቴ ተከትሎ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የሁላችንም አደራ ሆኗል።

እዚህ ላይ እረኛውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እረኛው ውሻ የሚያሳድገው ጅብ ስላለበት ነው፤ ያለ ውሻ አንድ ሌሊት ማደር በጉን ሊያሳጣው ይችላል። እኛ ግን ለአየርና ለደስታ የምንጓዝ ሰዎች ያ ምክንያት የለንም። ውሻችን በየዓመቱ ይከተብ፤ በኮረብታ ጎዳና ላይ በገመድ ይያዝ፤ ወፎች ጎጆ በሚሠሩበት ረግረግ አይለቀቅ፤ ቀይ ቀበሮ ወዳለበት ደጋ ስንወጣ ደግሞ ቤት ይቅር። ይህ ለውሻው ጥላቻ አይደለም፤ ግመል ነጂው ውሻውን ከጨው ሜዳ የሚያስቀረው በጥላቻ እንዳልሆነ ሁሉ።

አባቶቻችን ሌላም ተረት አላቸው፦ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል»። ለአጥር የተነገረው ይህ ቃል ለተራራውም ይሠራል። ውሻችን በቀደደው ትንሽ ቀዳዳ የሚገባው በሽታ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ በዓለም አንድ የሆነ እንስሳ ነው። የላስ ጌል ሠዓሊ ውሻውን ከጎኑ ሲስል ባልንጀርነቱን ለእኛ አወረሰን። አጥሩን መጠገን ግን የእኛ ፈንታ ነው።