የካሊፎርኒያ የነርስና የታካሚ ምጣኔ ሕግ

የካሊፎርኒያ የነርስና የታካሚ ምጣኔ ሕግ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ባሉ ሆስፒታሎች አንድ ነርስ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለውን ከፍተኛ የታካሚ ቁጥር የሚወስን ሕግ ነው። በ1999 ጸድቆ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከጃንዋሪ 1 ቀን 2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። እንዲህ ያለውን ገደብ ለሁሉም የሆስፒታል ክፍሎች በሕግ ያስቀመጠች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ግዛት ካሊፎርኒያ ናት።

አመጣጥ

በግዛቲቱ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች ከሁለት ታካሚ በላይ እንዳይዙ የሚከለክል ደንብ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነበር። ሌሎቹ ክፍሎች ግን ይህን ያህል የተወሰነ ቁጥር አልነበራቸውም። በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ወጪ ለመቀነስ የነርሶችን ቁጥር ሲያሳንሱ የካሊፎርኒያ ነርሶች ማኅበር ጉዳዩን ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ወሰደው። የምክር ቤት አባሏ ሺላ ኪል ያቀረቡትን ረቂቅ ቁጥር 394 አገረ ገዥ ግሬይ ዴቪስ በ1999 ፈረሙት። ሕጉ ራሱ ቁጥሮቹን አልዘረዘረም፤ ያንን ለጤና መምሪያው ስለተወው ዝርዝሩ እስኪወጣ ዓመታት ፈጀ።

ምጣኔዎቹ

በቀዶ ጥገና ክፍል አንድ ነርስ ለአንድ ታካሚ፣ በጽኑ ሕሙማንና በማዋለጃ ክፍል አንድ ለሁለት፣ በሕፃናትና በድንገተኛ ክፍል አንድ ለአራት፣ በአእምሮ ሕክምና ክፍል አንድ ለስድስት ነው። ብዙ ታካሚ ተኝቶ በሚታከምበት የውስጥ ደዌና የቀዶ ጥገና ዋርድ ገደቡ በ2004 አንድ ለስድስት ነበር፤ በ2005 ወደ አንድ ለአምስት ወረደ። እነዚህ ዝቅተኛ መስፈርቶች ብቻ ናቸው። የታካሚዎቹ ሕመም ከበድ ካለ ሆስፒታሉ ተጨማሪ ነርስ መመደብ ይጠበቅበታል።

ክትትሉን የሚወስኑት ግን ከቁጥሮቹ ይልቅ የአቆጣጠር ደንቦቹ ናቸው ማለት ይቻላል። አማካይ ማውጣት ክልክል ነው። ሌሊት ስምንት ታካሚ የያዘች ነርስ ቀን ላይ ሁለት ብቻ ስለነበሯት «በአማካይ አምስት» ተብሎ አይታለፍም። የክፍል ኃላፊዎች የሚቆጠሩት ራሳቸው ታካሚ ይዘው ሲሠሩ ብቻ ነው። ሆስፒታሉም ማን የትኛውን ታካሚ እንደያዘ በየፈረቃው መዝግቦ ማስቀመጥ አለበት።

የዕረፍት ሰዓት ክርክር

ደንቡ ምጣኔው «በማንኛውም ጊዜ» ይጠበቅ ይላል። መምሪያው ይህ የምሳና የዕረፍት ሰዓትንም ይጨምራል ሲል ተረጎመው። አምስት ታካሚ የያዘች ነርስ ምሳ ስትወጣ ታካሚዎቿን ለጎረቤቷ ብትተው ጎረቤቷ አሥር ትይዛለች፤ ስለዚህ ተተኪ ነርስ መኖር አለባት። የሆስፒታሎች ማኅበር ይህ ሊፈጸም አይችልም ብሎ ከሰሰ፤ በሜይ 2004 የሳክራሜንቶ ፍርድ ቤት ለመምሪያው ፈረደ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር የአገረ ገዥ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር አስተዳደር አንድ ለአምስት የሚለውን ለውጥ በአስቸኳይ ደንብ እስከ 2008 አዘገየው። ነርሶቹ በፍርድ ቤት ተከራከሩ፤ በየአደባባዩም ገዥውን እየተከተሉ ተቃወሙ። በማርች 2005 ዳኛዋ እርምጃውን ሕገ ወጥ ነው አሉ፤ ገዥውም በዓመቱ መጨረሻ ይግባኙን ተዉት።

ቅጣት

ሕጉ ለረጅም ጊዜ ጥርስ አልነበረውም። ተቆጣጣሪ ጥሰት ሲያገኝ ሆስፒታሉ ብዙውን ጊዜ የማስተካከያ ዕቅድ አቅርቦ ይታለፍ ነበር። በ2019 የወጣው የሴኔት ረቂቅ 227 ለመጀመሪያ ጥሰት 15,000 ዶላር፣ ለሁለተኛውና ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ 30,000 ዶላር አስተዳደራዊ ቅጣት ደነገገ። ሆስፒታሉ ከቅጣት የሚድነው እጥረቱ ሊገመት የማይችል እንደነበር፣ ወዲያውም መፍትሔ እንደፈለገና ተጠባባቂ ነርሶቹን ጠርቶ እንደጨረሰ ማሳየት ሲችል ነው። በኮቪድ-19 ወረርሽኝ፣ በ2020 መጨረሻ፣ ግዛቲቱ ምጣኔውን ለጊዜው እንዲያልፉ ለሆስፒታሎች ፈቅዳ ነበር።

ከሥራ ደኅንነት ጋር ያለው ግንኙነት

ነርስ ብቻውን ከባድ ታካሚ ሲያነሳ ወገቡ ይጎዳል፤ ሲቸኩል መርፌ ይወጋዋል። በ2015 የታተመ ጥናት ሕጉ በካሊፎርኒያ ነርሶች ላይ ከሚደርሰው የሥራ ጉዳትና ሕመም 31.6 በመቶ መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ግዛቲቱ ታካሚን በደኅና ስለማንሳት የተለየ ሕግ ያወጣች ሲሆን፣ በ2017 ደግሞ በጤና ተቋማት የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል የወጣው ደንብ በሥራ ላይ መዋል ጀመረ። በዚህ ደንብ መሠረት ሆስፒታል እያንዳንዱን ጥቃት ይመዘግባል፤ ከባድ ጉዳት ከደረሰም በ24 ሰዓት ውስጥ ያስታውቃል። የሰው ኃይል ማነስም ሊገመገሙ ከሚገባቸው የጥቃት መንስኤዎች አንዱ ነው።

ውጤትና ትችት

ሊንዳ ኤከንና ባልደረቦቿ በ2010 ባሳተሙት ጥናት በውስጥ ደዌና በቀዶ ጥገና ዋርድ የካሊፎርኒያ ነርስ ከኒው ጀርሲና ከፔንሲልቬንያ ነርስ በአማካይ ሁለት ታካሚ ያነሰ ይይዝ ነበር። የካሊፎርኒያ ምጣኔ ቢኖራቸው ኖሮ ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚሞቱት በኒው ጀርሲ በ13.9 በመቶ፣ በፔንሲልቬንያ በ10.6 በመቶ ያንሱ እንደነበር አስልተዋል። ተቺዎች ግን ወጪውንና በገጠር ነርስ የማግኘትን ችግር ያነሳሉ። አንዳንድ ሆስፒታሎች ለነርስ የጨመሩትን ወጪ ለማካካስ ረዳት ሠራተኞችን ቀንሰዋል፤ በዚህም አልጋ ማንጠፍና ታካሚ ማጠብ ተመልሶ በነርሷ ላይ ወድቋል።

በሌሎች ግዛቶች

በማሳቹሴትስ ተመሳሳይ ሐሳብ በ2018 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ በሰፊ ልዩነት ወደቀ፤ ግዛቲቱ ያላት ከ2014 ወዲህ የጸና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ገደብ ነው። ኦሪገን በ2023 የራሷን የምጣኔ ሕግ አውጥታለች።