የኩርድ ሴቶች በጦር ሜዳና በሕግ ፊት

«አንበሳ አንበሳ ነው፤ ሴትም ብትሆን፣ ወንድም ቢሆን» የሚል ምሳሌ በኩርዶች ዘንድ ይነገራል። ቃሉ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ሲናገር የኖረው ሕዝብ ሴት ልጁን በጦርነት ቀን አንበሳ ብሎ እያሞገሰ፣ በሰላም ቀን ግን ርስት ሲከፈል ከወንድሟ ጋራ ሳያስተካክላት ብዙ ዘመን ቈይቷል። እንግዲህ በዚህች አጭር ጽሑፍ፣ የጦር ጀግንነት ብቻውን ለሴት መብት ያስገኛል ወይስ አያስገኝም የሚለውን ጥያቄ ከኩርዶች ታሪክ እየጠቀስን እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ኩርዶች በቱርክ፣ በኢራን፣ በኢራቅና በሶርያ ተከፋፍለው የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋና ልማድ ያላቸው፣ የራሳቸው መንግሥት ግን የሌላቸው የተራራ ሕዝብ ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 የተፈረመው የሴቭር ውል ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበትን ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር። በ1923 የተፈረመው የሎዛን ውል ግን ይህን ተስፋ ሳያነሣው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ታሪካቸው በየጊዜው የሚነሣና የሚወድቅ የዐመፅ ታሪክ ስለ ሆነ፣ ሴቶቻቸውም ከጦርነቱ ርቀው ሊኖሩ አልቻሉም።

ይሁን እንጂ የኩርድ ሴት ፈረስ መጋለብ የጀመረችው በዚህ ዘመን አይደለም። በ1854፣ ይኸውም በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፣ ካራ ፋጥማ የተባሉ የማራሽ አገር ባላባት በመቶ የሚቈጠሩ ፈረሰኞችን አስከትለው የቱርክን ሱልጣን ለመርዳት ወደ ቁስጥንጥንያ ገብተው ነበር። በለንደን የሚታተም ጋዜጣም የአገባባቸውን ሥዕል አውጥቶ ለአንባቢዎቹ አሳየ። አውሮፓም ለጥቂት ቀን ተደነቀ። የኩርድ ሴት የኑሮ ሥርዓት ግን በዚያ ዘመቻ ምክንያት አልተለወጠም።

ከካራ ፋጥማ በኋላ ስማቸው የገነነው የሐላብጃዋ እመቤት አዴላ ናቸው። በትውልዳቸው በኢራን ከሚገኘው ከአርዳላን ቤት ሲሆኑ፣ የጃፍ ነገድ አለቃ የነበሩትን ዑስማን ፓሻን አግብተው ዛሬ በኢራቅ ወሰን ውስጥ ወዳለችው ወደ ሐላብጃ መጡ። ባለቤታቸው በሥራ ምክንያት ከከተማው ብዙ ጊዜ ይርቁ ስለ ነበር አስተዳደሩ ቀስ በቀስ በእጃቸው ገባ። ገበያ አሠሩ፤ የአትክልት ቦታ አስተከሉ፤ ነጋዴዎችን ከሩቅ አገር አስመጡ፤ ችሎትም አቁመው ራሳቸው ይፈርዱ ነበር። በ1909 የፋርስ ሰው መስሎ ወደ ከተማዪቱ የገባው እንግሊዛዊው ሶን ይህን ሁሉ በዐይኑ አይቶ በመጽሐፉ ጽፎታል። በኋላም እንግሊዞች አገሩን በያዙ ጊዜ «ኻን ባሃዱር» የሚለውን የክብር ስም ሰጧቸው። እመቤት አዴላ በ1924 ዐረፉ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። እመቤት አዴላ በሐላብጃ የፈረዱት፣ ሴት ዳኛ ትሆናለች የሚል ሕግ ስለ ነበረ አይደለም። የፈረዱት የትልቅ ቤት ልጅ፣ የትልቅ ሰው ሚስት፣ በተፈጥሮም ብልህ ስለ ነበሩ ነው። በዚያው ከተማ ውኃ የምትቀዳው ሴት ከእመቤቲቱ ሥልጣን የወረሰችው መብት አልነበረም። በመንግሥት ሥራ ላይ የምንገኝ ሁሉ እንደምናውቀው፣ ለአንድ ሰው የተደረገ አስተያየት ከዚያው ሰው ጋራ ያልፋል፤ ጸንቶ የሚኖረው ለሁሉ የተጻፈው ደንብ ነው።

ይህን ነገር አስቀድመው የተረዱ የኩርድ ሴቶች ነበሩ። በ1919 በቁስጥንጥንያ የኩርድ ሴቶችን ለማሻሻል የሚሠራ ማኅበር ተቋቋመ። በሱለይማኒያ ደግሞ በ1953 ያረፉት ሐፕሳ ኻን ለሴቶች ትምህርት የደከሙ ታላቅ ወይዘሮ ነበሩ። በጃንዋሪ 1946 በኢራን ውስጥ የማሃባድ ሪፑብሊክ በታወጀ ጊዜም የሴቶች ማኅበር ተመሥርቶ ነበር። ነገር ግን ሪፑብሊኩ አንድ ዓመት ሳይሞላው በዲሴምበር ፈረሰ። መሪው ቃዚ ሙሐመድም በማርች 1947 በስቅላት ተቀጡ። መንግሥቱ ሲፈርስ የሴቶቹም ጅምር አብሮ ተቋረጠ።

በኢራቅ የነበረው መከራ ከሁሉ የከፋ ነው። የባግዳድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው ወጣት ሌይላ ቃሲም በሜይ 1974 ከጓደኞቿ ጋራ ተሰቀለች። ያቺ እመቤት አዴላ ያስጌጧት ሐላብጃ ማርች 16 ቀን 1988 በመርዝ ጋዝ ተመታች፤ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሕዝብም አለቀ። በዚያው ዘመን በተደረገው የአንፋል ዘመቻ ወንዶቹ ተወስደው ሲጠፉ፣ ቤት የመምራቱና ልጅ የማሳደጉ ሸክም በመበለቶቹ ላይ ወደቀ። ከ1991 ዐመፅ በኋላ ክልሉ ራሱን ማስተዳደር ጀመረ፤ በ1996ም በሱለይማኒያ የሴቶች የፔሽሜርጋ ጦር ክፍል ተቋቋመ።

ነገር ግን ከጠመንጃው ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር በምክር ቤቱ የተሠራው ነው። ለክብር ሲባል ሴትን የገደለ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት የሚያደርገው አሠራር በ2002 በክልሉ ውስጥ ተከለከለ። በ2009 ከምክር ቤቱ ወንበር 30 በመቶው ለሴቶች እንዲሆን ተወሰነ። በ2011ም በቤተ ሰብ ውስጥ የሚደረገውን ድብደባና የሴት ልጅ ግርዛትን የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ዓለም የኩርድ ሴቶችን ስም በሰፊው የሰማው ግን ከ2014 ጀምሮ ነው። ኦገስት 3 ቀን 2014 ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሚጠራው ኃይል በኢራቅ በሚገኘው በሲንጃር ተራራ ዙሪያ በሚኖሩት፣ የኩርድኛ ቋንቋ ተናጋሪ በሆኑት በየዚዲዎች ላይ ወረደ። ወንዶቹን ገደለ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶችንና ልጃገረዶችን ማርኮ በባርነት ሸጠ። ከዚያ ባርነት አምልጣ ለዓለም የመሰከረችው ናድያ ሙራድ በ2018 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ከኮንጎው ሐኪም ከዴኒስ ሙክዌጌ ጋራ ተቀበለች።

በሴፕቴምበር 2014 ይኸው ኃይል በሶርያና በቱርክ ወሰን ላይ ያለችውን ኮባኒን ከበበ። በዚያ ከተማ ከወንዶቹ ጎን የተሰለፉት ሴቶች፣ ሴት የጠላት እጅ ስትገባ ምን እንደሚደርስባት ከሲንጃር ተምረው ስለ ነበር፣ ለእነርሱ መዋጋት ከአገር ፍቅር በላይ ራስን የማዳን ነገር ነበር። ከአዛዦቹም አንዷ ናሪን አፍሪን በሚል የጦር ስም የምትታወቀው መይሳ አብዶ ነበረች። በአሜሪካን አውሮፕላኖችና ከኢራቅ በመጣው ፔሽሜርጋ እየተረዱ፣ ከአራት ወር በላይ ተዋግተው በጃንዋሪ 2015 መጨረሻ ከተማዪቱን ነፃ አወጡ።

ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በኖቬምበር 2014፣ በሶርያ ሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በጀዚራ አውራጃ አስተዳደሩ የሴቶችን መብት የሚመለከት ሕግ አወጣ። ሴት በውርስና በምስክርነት ከወንድ ጋራ እኩል እንድትሆን፣ ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ እንዳትዳር፣ ወንድም በሚስት ላይ ሚስት እንዳያገባ ደነገገ። ካራ ፋጥማ በመቶ ፈረሰኞች ያላገኙትን ነገር ይህች ወረቀት ይዛ ተገኘች።

እውነት ለመናገር ግን በዚህ ታሪክ ነቀፋም አለበት። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጃገረዶች ለጦር መመልመላቸውን የሰብኣዊ መብት ተቈጣጣሪዎች አጋልጠዋል። የጦሩ አዛዥም ይህን ልማድ ለማቆም በጁን 2019 በጄኔቫ ከተባበሩት መንግሥታት ጋራ ውል ፈርሟል። የውጭ አገር ጋዜጦችም የተዋጊዎቹን መልክ ደጋግመው ሲያሳዩ ስለ ሕጉ የጻፉት ጥቂት ነው።

ጠመንጃ ሳይዙ የታገሉም አሉ። ወይዘሮ ሌይላ ዛና በ1991 ለቱርክ ምክር ቤት ተመርጠው በመሐላው ሥነ ሥርዓት ላይ በኩርድኛ ስለ ተናገሩ ብዙ ቁጣ ተነሣባቸው፤ ከ1994 ጀምሮም ዐሥር ዓመት ታሰሩ። በሴፕቴምበር 2022 ኩርዳዊቷ ጂና ማህሳ አሚኒ በኢራን የልብስ ሥርዓት ጠባቂዎች እጅ ሳለች በሞተች ጊዜ፣ «ሴት፣ ሕይወት፣ ነፃነት» የሚለው የኩርድ ሴቶች ቃል በኢራን ሕዝብ አፍ ሁሉ ተሰማ።

በሶርያ የአሳድ መንግሥት በዲሴምበር 2024 ከወደቀ በኋላ፣ የኩርዶቹ ጦር ከአገሩ ጦር ጋራ እንዲዋሐድ በማርች 2025 ውል ተፈረመ። ያን ጊዜም የሴቶቹ ጦር ምን ይሆናል፣ የ2014ስ ሕግ ከእርሱ ጋራ ይጸናል ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ግን ከኩርዶች አልፎ፣ በችግር ቀን «ነዪ» ተብላ በሰላም ቀን «ወደ ማጀትሽ ተመለሺ» የምትባል ሴት ባለችበት አገር ሁሉ የሚነሣ ነው። ጀግንነት በሩን ያንኳኳል እንጂ ከፍቶ አያኖረውም። ከፍተው የሚያኖሩት ትምህርት ቤቱ፣ ምክር ቤቱና በእኩልነት የሚፈርደው ዳኛ ናቸው። ኩርዶች ስለ አንበሳ የሚናገሩት ምሳሌ እውነት የሚሆነው በውርስ መዝገብ ላይ የሴት ልጅ ስም ከወንድሟ ስም ጋራ በእኩል ድርሻ ሲጻፍ ነው።