ኳሱን ያበረረው ደንብ፦ የውርወራ ጨዋታ በአሜሪካ እግር ኳስ ውስጥ የነገሠበት ታሪክ

የአሜሪካ እግር ኳስ ተብሎ የሚታወቀው ስፖርት፣ ስሙ እግርን ቢያነሣም በአመዛኙ በእጅ የሚካሄድ፣ በየወገናቸው 11 ተጫዋቾች ያሰለፉ ሁለት ቡድኖች ሞላላ የቆዳ ኳስ ይዘው መሬት የሚነጣጠቁበት ጨዋታ ነው። ዛሬ የሀገሪቱ ብሔራዊ የፕሮፌሽናል ሊግ በየሳምንቱ የሚያሳየው ትርኢት ከሞላ ጎደል የቆመው ኳሱን ወደ ፊት በመወርወር ላይ ቢሆንም፣ ውርወራው ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ሳይሆን ለ30 ዓመታት ያህል በደንብ ተከልክሎ የቆየ፣ ከተፈቀደም በኋላ እንደ ነውር ይታይ የነበረ ስልት ነው። እንዴት የጨዋታው ጌታ ሊሆን እንደ በቃ ሲመረመር፣ በየዘመኑ ከታላላቅ ወርዋሪዎች ክንድ ቀድሞ የሚገኘው የደንብ አውጪዎች ብዕር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመንዝ ደጋ፣ በጓሳ ዙሪያ ባሉ መስኮች ለገና በዓል በቆልማማ ዱላ ሩር ሲመታ ያደገ አንባቢ የጨዋታውን ጠባይ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ በገናም አንዱ ወገን ሩሯን ወደ ሌላው ወገን ዳርቻ ለማድረስ እየተጋፋ ይታገላልና። ልዩነቱ፣ በገና ጨዋታ ሩሯ በአንድ ብርቱ ምት ተጋፊውን ሁሉ አልፋ ልትሄድ ስትችል፣ በጥንቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ኳስ የያዘው ሰው በእጁ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት ማቀበል የማይፈቀድለት መሆኑ ነው። በዛሬው ደንብ ሜዳው ከግብ መስመር እስከ ግብ መስመር 100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ኳሱን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱ ለተቃራኒው ይተላለፋል፤ የተቃራኒውን የግብ መስመር ካለፈ ደግሞ ተችዳውን የሚባለውን 6 ነጥብ የሚያስገኝ ግብ ያስመዘግባል። በቀደመው ዘመን የሚጠየቀው 5 ያርድ ብቻ ስለ ነበር፣ ቡድኖች ተጫዋቾቻቸውን ክንድ ለክንድ አቆላልፈው እንደ ሽብልቅ በመሰካት ተቃራኒውን መደርመስ ዋና ስልታቸው አድርገውት ነበር።

የዚህ ግፊያ ዋጋ የሰው ሕይወት ነበር። በ1905 ዓ.ም. የውድድር ወቅት ብቻ ቢያንስ 18 ወጣቶች በጨዋታው ምክንያት መሞታቸው በጋዜጦች ሲቆጠር፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ስፖርቱን እስከ መተው ደረሱ፤ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ተወካዮች ወደ ዋይት ሐውስ ጠርተው ጨዋታው እንዲሻሻል መከሩ። ሜዳውን በማስፋት ግፊያውን ለመበተን የቀረበው አማራጭ፣ ሃርቫርድ በ1903 ዓ.ም. ያስገነባው የኮንክሪት ስታዲየም ሊሰፋ የማይችል በመሆኑ እንቅፋት ገጠመው፤ ስለዚህ በ1906 ዓ.ም. የደንብ ኮሚቴው የሚጠየቀውን ርቀት ወደ 10 ያርድ ከፍ አድርጎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሱን ወደ ፊት መወርወርን ፈቀደ። ዛሬ ለመዝናኛ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ውርወራ መነሻው ልጆችን ከሞት ለማዳን የተደረገ ጥረት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ፈቃዱ ግን በብዙ ሰንሰለት የታሰረ ነበር። የተወረወረ ኳስ ማንም ሳይነካው መሬት ከወደቀ ወዲያውኑ ለተቃራኒ ቡድን ይሰጥ ስለ ነበር፣ ለመወርወር የሚደፍር አሠልጣኝ ጥቂት ነበር። ከደፋሮቹ አንዱ የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲው ኤዲ ኮከምስ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ብራድበሪ ሮቢንሰን መስከረም 5 ቀን 1906 ዓ.ም. ከካሮል ኮሌጅ ጋር በተደረገ ግጥሚያ የወረወራት የመጀመሪያዋ ኳስ መሬት ወድቃ ለተቃራኒ ተሰጠች፤ በዚያው ጨዋታ ኋላ የወረወራት ግን በጃክ ሽናይደር እጅ ገብታ ግብ ሆነች። በ1912 ዓ.ም. የሙከራው ቁጥር ከ3 ወደ 4 ከፍ ሲል ለውርወራ ተጨማሪ ዕድል ተገኘ፤ በተከታዩ ዓመትም በምሥራቁ ክፍል እምብዛም ስም ያልነበረው የኖትር ዳም ቡድን በገስ ዶሬይስ ውርወራና በክኑት ሮክኒ አቀባበል የጦር አካዳሚውን ቡድን 35 ለ13 ሲያሸንፍ፣ የምሥራቁ ጋዜጦች ስልቱን ከቁም ነገር ቆጥረው መጻፍ ጀመሩ።

በ1920 ዓ.ም. በኦሃዮ ግዛት ካንተን ከተማ የተመሠረተውና በ1922 ዓ.ም. የዛሬውን ብሔራዊ ሊግ የሚለውን ስያሜ የያዘው የፕሮፌሽናሎች ማኅበር ለረጅም ጊዜ የኮሌጆቹን ደንብ እንዳለ ይከተል ነበር። ከዚህ ጥገኝነት ያላቀቀው አጋጣሚ የመጣው በታኅሣሥ 1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቺካጎ ቤርስና የፖርትስመዝ ስፓርታንስ የሻምፒዮና ግጥሚያ ከብርዱና ከበረዶው የተነሣ በቺካጎ ስታዲየም ጣሪያ ሥር፣ ርዝመቱ 80 ያርድ ብቻ በሆነ ጠባብ ሜዳ ላይ ተካሄደ። በጊዜው ደንብ ወርዋሪው ጨዋታው ከሚጀመርበት መስመር ቢያንስ 5 ያርድ ወደ ኋላ መራቅ ነበረበት፤ የቤርሱ ብሮንኮ ናጉርስኪ ለሬድ ግሬንጅ የወረወራት የግብ ኳስ ይህን ደንብ የጣሰች ናት በማለት ስፓርታንሶች ቢቃወሙም ሰሚ አላገኙም፤ ቤርስም 9 ለ0 አሸነፈ። በ1933 ዓ.ም. ሊጉ የራሱን ደንብ አውጥቶ፣ ኳሱ ከመነሻው መስመር በስተኋላ ካለ ከየትኛውም ስፍራ እንዲወረወር ፈቀደ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የኳሱ ወገብ ቀጠን ብሎ ለአንድ እጅ ጭብጥ ተመቸ። ኳስ ማቅጠን ቀላል ለውጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ወፍራሙን ኳስ በጣቶች አሽከርክሮ በቀጥታ መስመር መላክ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበር ለመገመት፣ በ1932 ዓ.ም. በውርወራ የሊጉን የበላይነት የያዘው አርኒ ኸርበር በሙሉ የውድድር ወቅት ያገኘው 639 ያርድ ብቻ መሆኑን ማየት ይበቃል።

በተከፈተው በር የገቡት ሁለት ሰዎች ጨዋታውን አዲስ መልክ ሰጡት። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ለግሪን ቤይ የተሰለፈው ዶን ሃትሰን፣ ተቀባይ ማለት ኳስ የሚጠብቅ ሰው ሳይሆን አስቀድሞ በተጠና መንገድ ሮጦ፣ ተከላካዩን አታልሎ፣ ኳሱ በሚያርፍበት ስፍራ በሰዓቱ የሚደርስ ሰው መሆኑን አሳየ፤ በ1942 ዓ.ም. በ11 ጨዋታ ብቻ 1,211 ያርድና 17 ግብ አስመዘገበ። በ1937 ዓ.ም. ዋሽንግተንን የተቀላቀለው ሳሚ ባው ደግሞ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ በሻምፒዮናው ቤርስን 28 ለ21 ሲያሸንፍ፣ ውርወራ የመጨረሻ መፍትሔ መሆኑ ቀርቶ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን እንደሚችል አስመሰከረ። ኳርተርባክ የሚባለው፣ ኳሱን ከመሐል አቀባዩ ተረክቦ ጨዋታውን የሚመራው ተጫዋችም ከዚህ በኋላ በዋነኛነት በውርወራው የሚመዘን ሆነ። ቴሌቪዥን ሲመጣ ይህ ስልት ከሁሉ ይልቅ ተጠቃሚ ሆነ፤ ከርቀት የሚታይ የግፊያ ክምር ለተመልካች ብዙ የማይነግረውን ያህል፣ በአየር ላይ የምትበር ኳስ ለማንም ግልጽ ናትና። በ1960 ዓ.ም. ውድድር የጀመረው ተፎካካሪ የአሜሪካ ሊግም ተመልካች ለመሳብ ውርወራን አበዛ፤ በዚያ ሊግ ጆ ኔማዝ በ1967 ዓ.ም. በአንድ የውድድር ወቅት 4,007 ያርድ በመወርወር 4,000ን ለመሻገር የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ይሁንና ሁለቱ ሊጎች በ1970 ዓ.ም. ከተዋሐዱ በኋላ ሚዛኑ ወደ ተከላካዮች አዘነበለ። ቦታ ተከፋፍሎ የመጠበቅ ስልት ተራቀቀ፤ ተከላካዮችም ኳሱ እስኪወረወር ድረስ ተቀባዩን በሜዳው ርዝመት እየገፉና እየመቱ ከመንገዱ ያስወጡት ነበር። አሠልጣኞችም ውርወራ ሦስት ውጤት እንዳለው፣ እነርሱም መያዝ፣ መውደቅና በተቃራኒ መጠለፍ እንደ ሆኑ፣ ከሦስቱም ሁለቱ ክፉ መሆናቸውን በመቁጠር ይዞ መሮጥን መረጡ። በ1977 ዓ.ም. አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ የሚያስቆጥረው ነጥብ ወደ 17.2 ወርዶ፣ በ30 ዓመታት ውስጥ ያልታየ ድርቅ ሆነ።

የታሪኩ እውነተኛ መታጠፊያ ከዚህ ድርቅ ማግስት በ1978 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ነው። ከጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተሞከሩት ማጥበቂያዎች በቂ ባለመሆናቸው፣ አዲሱ ደንብ ተከላካይ ከመነሻው መስመር 5 ያርድ አልፎ የሄደን ተቀባይ እንዳይነካ ከለከለ፤ ወርዋሪውን የሚጠብቁት ግዙፋን የፊት ተጫዋቾች ደግሞ ክንዳቸውን ዘርግተው በተከፈተ መዳፍ አጥቂውን እንዲያግዱ ፈቀደ። የመጀመሪያው ክልከላ ተቀባዮችን በማላጋት ወደር ባልነበረው በፒትስበርጉ ሜል ብላውንት ስም ይጠራል። የመንዝ ሰው የዚህን ደንብ አሠራር ከራሱ ምድር ያውቀዋል፤ በጓሳ፣ ቀሮ በሚባለው ጥንታዊ የጋራ ሥርዓት፣ ሣሩ የሚበዛው ዘር ስለ ተዘራበት ሳይሆን ለዓመታት ከብትና ማጭድ እንዳይገባበት ስለሚዘጋ ነው። የ1978ቱ ደንብም ለወርዋሪው አዲስ ክንድ አልሰጠውም፤ ያጫጨውን እጅ ግን ከለከለለት።

በተጠበቀው መስክ ላይ ሁለት የተለያዩ አዝመራዎች በቀሉ። በሳንዲዬጎ ዶን ኮርዬል ተቀባዮችን ወደ ሩቅ እየላከ ሜዳውን በረዥሙ የሚዘረጋ ጥቃት ሲያቆም፣ ወርዋሪው ዳን ፋውትስ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ተከታታይ ዓመታት የሊጉ ቀዳሚ ሆነ። የቢል ዋልሽ ዘዴ ግን በዚህ ጽሑፍ ሚዛን ከዚያ የጠለቀ ነው። ዋልሽ ዘዴውን የጀመረው በ1970 ዓ.ም. በሲንሲናቲ ረዳት አሠልጣኝ ሳለ በእጥረት ተገዶ ነበር፤ ብርቱ ክንድ የነበረው ወርዋሪ ግሬግ ኩክ ትከሻውን ስለ ተጎዳ፣ ሩቅ መወርወር ለማይችለው ቨርጂል ካርተር በአጭር ርቀት፣ በትክክለኛ ሰዓት፣ ወደ ሜዳው ጎንና ጎን የሚላኩ ኳሶችን አዘጋጀለት። እነዚህ አጫጭር ውርወራዎች ይዞ መሮጥ ይሠራ የነበረውን ሥራ ተክተው መሬቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚበሉ ሆኑ፤ በ1979 ዓ.ም. ዋልሽ የሳንፍራንሲስኮ አሠልጣኝ ሲሆንም በጆ ሞንታና እጅ ፍጹም ደረጃ ላይ ደረሱ። በ1984 ዓ.ም. የማያሚው ዳን ማሪኖ በ5,084 ያርድና በ48 የግብ ውርወራ ቀድሞ ያልታሰበ ክብረ ወሰን ቢያስመዘግብም፣ በዚያ ወቅት የፍጻሜ ጨዋታ የዋልሽ ቡድን 38 ለ16 አሸንፎታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ በዋናነት ያንኑ አጥር ማጠንከር ነበር። በጥር 2004 ዓ.ም. የኒው ኢንግላንድ ተከላካዮች የኢንዲያናፖሊስን ተቀባዮች በኃይል በመያዝ የፔይተን ማኒንግን ኳስ አራት ጊዜ ከጠለፉ በኋላ፣ ሊጉ የ1978ቱ ደንብ በጥብቅ እንዲከበር ዳኞችን አዘዘ፤ በተከታዩ የውድድር ወቅት ማኒንግ 49 የግብ ውርወራ አስመዝግቦ የማሪኖን ክብረ ወሰን ሰበረ። ወርዋሪውን ጉልበቱ ላይ ወይም ራሱ ላይ መምታት፣ ራሱን መከላከል የማይችልን ተቀባይ መግጨት በየጊዜው እየተከለከለ ሄደ፤ ማኒንግም በ2013 ዓ.ም. በዴንቨር 55 የግብ ውርወራና 5,477 ያርድ ላይ ደረሰ። በጥንቱ ዘመን ከሦስት ውርወራ ሁለቱ ይባክኑ የነበረበት ሊግ፣ ዛሬ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ውርወራ በወገን እጅ የሚገባበት ሆኗል።

ተከላካዮችም በበኩላቸው ጓዛቸውን አቀለሉ፤ ግዙፋኑን በፈጣን ተጫዋቾች ተክተው፣ ከኋላ በሩቅ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎችን አቆሙ። በዚህ የተነሣ ፊታቸው ስለ ሳሳ፣ ሞቷል የተባለው ሩጫ መንገድ አገኘ፤ በ2024 ዓ.ም. የፊላደልፊያው ሴክዋን ባርክሊ ኳስ ይዞ በመሮጥ 2,005 ያርድ ሸፈነ፣ ቡድኑም የዚያን ወቅት ሻምፒዮና ወሰደ።