የተጠበቀው ሣር የሚታጨድበት ቀን

ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ በደብረ ታቦር ከቤቴ ደጅ ወንበር አውጥቼ የጉናን ራስ እያየሁ ፀሐይ ስሞቅ ሳለሁ፣ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ሰው ከአሜሪካን አገር በስልክ ጠራኝ። ይህ ሰው በልጅነቱ ከክፍሌ የኋላ ወንበር ተቀምጦ በመስኮት ወደ ተራራው ሲያይ የሚውል ልጅ ነበር። አሁን ግን ዕድሜው ወደ ኀምሳ ተጠግቶ፣ በኮሎራዶ በዴንቨር ከተማ ቤትና ልጆች ያሉት ሰው ሆኗል። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ምክር አለ፤ ብቻ አይሳቁብኝ» አለኝ። እኔም አልስቅም ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚኖርበት አገር ቀጥሎ ዋዮሚንግ የሚባል ግዛት አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ፕሮንግሆርን የሚሉት፣ ከእኛ ሚዳቋ ገዘፍ ያለ፣ በሰሜን አሜሪካ ምድር በሩጫ የሚወዳደረው የሌለ የዱር እንስሳ ይኖራል። ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ በመሆኑ የኛ ሰው ሥጋውን ለመብላት አይቸገርም። ነገር ግን እንደ ልብ አይታደንም። ፈቃዱ በቍጥር ነው፤ ከውጭ ግዛት ለሚመጣ ሰውም የሚሰጠው በዕጣ ነው። በዕጣው ያልቀናው፣ ወይም በዚያ ዓመት ዕጣ የማይገባ ሰው፣ ገንዘብ ከፍሎ አንድ የቅድሚያ ነጥብ ያስመዘግባል። ነጥቡ በየዓመቱ እየተጠራቀመ ሲሄድ፣ ብዙ ያለው ሰው ጥቂት ካለው ይቀድማል። ታዲያ የመጀመሪያ ምርጫው የደረሰው ቀን፣ ያጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያልቅና እንደገና ከባዶ ይጀምራል።

ተማሪዬ ዐሥራ አንድ ነጥብ አጠራቅሟል። ሐሳቡ ታላላቅ ቀንዳሞች አሉበት ከሚባለው ከዝነኛው ቦታ ለመድረስ ነበር። ዳሩ ግን እሱ አንድ ነጥብ በጨመረ ቍጥር ሌላውም ሰው ይጨምራልና፣ ለዚያ ቦታ የሚፈለገው ነጥብም አብሮ ከፍ ይላል። ጥላውን እንደሚያባርር ሰው ሆነ። በዚህ ላይ የመጀመሪያ ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላውና ወደ ሩቅ ኮሌጅ ሊሄድ ነው። ልጁ ያለው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። አባትና ልጅ አብረው ካመለከቱ የሁለቱ ነጥብ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል፤ ይኸውም ስድስት ነው። ስድስት ደግሞ ለአንድ መካከለኛ ቦታ ይበቃ ይሆናል እንጂ ዝነኛውን ቦታ አያስገባም። «እንግዲህ ጋሼ፣ ልጠብቅ ወይስ ላውጣው?» አለኝ።

እኔ ያን አውሬ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ጥያቄውን ግን አውቀዋለሁ። አባቶቻችን በመንዝ ከ300 ዓመት በላይ ሲመልሱት የኖሩት ጥያቄ ነውና። ስለዚህ ለተማሪዬ ያወራሁትን ታሪክ፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ለአንተም ላውራልህ።

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ ጓሳ የሚባል ሰፊ ውርጫማ አገር አለ። ከፍታው ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም አንድ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ነው። ይህ ሣር በእኛም በጉና ላይ ስለሚበቅል የደብረ ታቦር ሰው ያውቀዋል። ለቤት ክዳን ይሆናል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ በክረምት እረኛ የሚለብሰው ጌሳ ይሠራበታል፤ ለመኝታ ይጎዘጎዛል፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት ደግሞ ከብት ያተርፋል። ለደጋ ሰው ጓሳ ማለት ጣራም፣ ልብስም፣ ስንቅም ማለት ነው።

የአገሩ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ያን አገር ተካፍለው፣ ጓሳውን ለዘሮቻቸው የጋራ ሀብት አድርገው ትተውላቸዋል። የጋራ ሀብት ጠባቂ ከሌለው የማንም እንደሚሆን ስለ ተረዱ፣ ቄሮ የሚባል ሥርዐት ቆመ። ከአስቦ ወገን አንድ፣ ከጌራም ወገን አንድ አባ ቄራ ይመረጣል። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራው ጥበቃ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ጓሳው ሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ማጭድ አይነካውም፤ ከብትም አይገባበትም። ሕጉን የጣሰ ሰው ቅጣቱ ጽኑ ነበር፤ ከግርፋት አልፎ ቤት እስከ ማቃጠል ይደርስ ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ስትሰማ ታሪኩ ስለ መታገሥ ብቻ የሚናገር ይመስልህ ይሆናል። እኔም ልጅ ሳለሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ቍጠባ በተማርሁ ጊዜ፣ ጥበብ ሁሉ በማስቀመጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን የአባ ቄራው ከባድ ሥራ መዝጋት አልነበረም። ለመዝጋት ዱላና ዘበኛ ይበቃል። ለመክፈት ግን ማስተዋል ያስፈልጋል። አባ ቄራው ሣሩ መድረስ አለመድረሱን ያያል፤ የሕዝቡንም ችግር ይመለከታል፤ ከዚያም በበጋው ወራት ጓሳው የሚከፈትበትን ቀን ያስታውቃል። በተቀጠረው ቀን ባለ መብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከአጨዳው በኋላ ከብት ይገባል። ክረምት ሲጠናም፣ የሰኔ ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፣ ከብቱ ሁሉ ይወጣና ተራራው ያርፋል።

እነዚያ ሰዎች ቀኑን ሲቈርጡ «ከዚህ የበለጠ ሊረዝም ይችላልን?» ብለው አልጠየቁም። ሣር ምንጊዜም ትንሽ ሊረዝም ይችላል። የጠየቁት «ለክዳን ደርሷልን? ሰውስ ክዳን አጥቷልን?» ብለው ነው። ሳይደርስ የታጨደ ጓሳ ውሃ ያስገባል። ያለ ልክ የቆየም እንዲሁ ደርቆ ይሰባበራል፤ ባለቤቱም በሚያፈስ ጣራ ሥር ሆኖ «የተጠበቀ ጓሳ አለኝ» ይላል።

ይህ ሥርዐት እስከ 1967 ዓ.ም. ኖረ። በዚያ ዓመት የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ፣ በአቅኚዎች ዘርና በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ብዙ ጭሰኛ ከቀንበር እንዳወጣ መካድ አይገባም፤ ቄሮም ቢሆን ከአቅኚዎች ዘር ያልተወለደውን ሰው ከጓሳው የሚያገልል ሥርዐት ነበር። ነገር ግን ጠባቂው ሲነሣ ቀን ቈራጩም ተነሣ። ቀን ቈራጭ በሌለበት አገር ሰው ሁሉ «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ያጭደዋል» ይላል፤ ስለዚህም ያልደረሰው ይታጨዳል። ቆይቶ የአገሩ ሰው ጉዳቱን አይቶ፣ እንደ ገና መክሮ፣ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መለሰው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ሣሩም በወቅቱ የሚታጨድበት ቦታ ነው። ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ያለው፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚመነጩበት ጉናም እንዲሁ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሏል።

የአሜሪካኑ አውሬ ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ19ኛው መቶ ዘመን ነጮች ወደዚያ ሜዳ ሲጎርፉ ያለ ልክ ስለ ገደሉት፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከሚሊዮኖች መካከል የቀረው ወደ 13000 ብቻ ነበር ይባላል። እነርሱም እንደ አባ ቄራ ዘጉት። ለብዙ ዓመት አደን በየግዛቱ ተከለከለ፤ መንጋውም እንደገና በዛ። ከዚያ በኋላ በልክ ከፈቱት። እንግዲህ ዕጣውና ነጥቡ የመጣው የተጠበቀውን በተራ ለመካፈል ነው። ነገር ግን መዝጋትና መክፈት የሰው ሥልጣን ቢሆንም፣ የዓመቱ ጠባይ የሰው ሥልጣን አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር ከ2022 እስከ 2023 በነበረው ክረምት፣ በዋዮሚንግ ከባድ በረዶ ወርዶ ብዙ ሺህ ፕሮንግሆርን አለቀ። የግዛቱም መሥሪያ ቤት የአደኑን ፈቃድ በብዙ ሺህ ቀነሰ። «በሚመጣው ዓመት» እያሉ ነጥብ ሲያከማቹ የነበሩ ሰዎች ነጥባቸው በእጃቸው እንዳለ ነበር፤ መንጋው ግን አልነበረም።

እንግዲህ ሁለት ስሕተት እንዳለ ልብ በል። ነገን የማያምን ሰው እሸቱን ያጭዳል፤ ነገን ከልኩ በላይ የሚያምን ሰው ደግሞ ሳያጭድ በረዶ ይቀድመዋል። የመጀመሪያው ስሕተት በሰው ዘንድ ነውር ስለ ሆነ መካሪ አያጣም። ሁለተኛው ግን ትዕግሥት ይመስላልና ማንም አይገሥጸውም። እኔን ያገኘኝ ይኸው ሁለተኛው ነው።

ጎልማሳ መምህር በነበርሁበት ጊዜ፣ ከደብረ ታቦር ርቆ በሚገኝ ቆላ አገር አስተምር ነበር። በሩቅ ቦታ የቆየ መምህር ለዝውውር ሲወዳደር ያገለገላቸው ዓመታት ይቈጠሩለት ነበር። በስምንተኛው ዓመት ወደ ደብረ ታቦር ለመመለስ የሚበቃ አገልግሎት ነበረኝ። እናቴ በጉና ሥር ባለች መንደር ብቻዋን ትኖር ነበርና፣ «ልጄ፣ መቼ ትመጣለህ?» እያለች በመንገደኛ ትልክብኝ ነበር። እኔ ግን ሁለት ዓመት ብጨምር ባሕር ዳር ይደርሰኛል ብዬ አሰብሁ። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር የተሻለ ከተማ ነው፤ እናቴንም ወደዚያ ወስጄ በቆርቆሮ ቤት አኖራታለሁ አልሁ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴን አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት ኖሮ የምትሻው የባሕር ዳርን ቆርቆሮ ሳይሆን በጓሳ ክዳኗ ሥር ከልጇ ጋር ቡና መጠጣት እንደ ነበረ ትነግረኝ ነበር።

በዘጠነኛው ዓመት በጥር ወር መርዶ ደረሰኝ። ለቀብሯም አልደረስሁም። በሰኔ ወር ለደብረ ታቦር አመለከትሁ፤ ደረሰኝም። ዘጠኝ ዓመት ያከማቸሁትን አውጥቼ የገዛሁት ወደ ተዘጋ ቤት መመለስን ሆነ። ይህን የማደርስበት ሰው የለም፤ መሥሪያ ቤትም አልበደለኝም። ቀኑን የመቍረጥ ሥልጣን የእኔ ነበር፤ እኔም ሣሩን ብቻ አይቼ ቤቱን አላየሁም።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ከነገርሁት በኋላ፣ «አንተ ነጥብ ማከማቸት የጀመርኸው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ልጄ ሰባት ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን ብዬው ነበር» አለኝ። «እንግዲህ ጓሳው የተዘጋው ለቀንዱ አልነበረም፤ ለልጁ ነበር» አልሁት። ከዚህ በላይ አልተናገርሁም፤ ለጎልማሳ ሰው ቀን አይቈረጥለትምና።

በጥቅምት ወር ፎቶግራፍ ላከልኝ። ሁለቱ ከመካከለኛው ቦታ ገብተው ነበር። ልጁ ያገኘው እንስሳ ቀንዱ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ አባቱ ደግሞ ጨርሶ አልቀናውም። ነገር ግን አባትና ልጅ በነፋስ በሚታጠፍ ሣር መካከል ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመው ነበር፤ ሣሩም የጉናን ጓሳ አስመሰለብኝ። አሁን ነጥቡ ባዶ ነው። ከአንድ ይጀምራል፤ ጓሳም ከታጨደ በኋላ የሚጀምረው ከሥሩ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አስቀምጥ፣ ታገሥ፣ ያልደረሰውን አትንካ። ይህን ብዙ ሰው ይመክርሃል፤ እውነትም ነው። እኔ የምጨምርልህ ጥቂት ነው። ዮሴፍ በግብፅ አገር ሰባት ዓመት እህል ስለ ሰበሰበ ብቻ አልተመሰገነም፤ ራብ በጸና ጊዜ ጎተራውን ስለ ከፈተ ነው እንጂ። ስለዚህ አንድ ነገር ስትዘጋ፣ ለማንና ለምን እንደምትዘጋው በዚያው ቀን ለራስህ ንገር። የዘጋህለት ሰው በሕይወት ሳለና ነገሩም ደርሶ ሳለ ቀኑን ቍረጥ። ቀኑ የሚታወቀው በክምችቱ ብዛት አይደለም፤ በደጅህ ቆሞ በሚጠብቅህ ሰው ነው።