ስለ ክብ ጉድጓዶች አመጣጥ፤ የጨረቃ ፊትና የሐዋሳ ሐይቅ

በሐዋሳ ከታቦር ተራራ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው፥ ሐይቁ በሰፊ ገበቴ ውስጥ የተቀመጠ ውሃ ይመስለዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን፥ የጨረቃን ፎቶግራፍ በመጽሐፍ ያየ አንድ ጓደኛችን፥ ይህን ገበቴ የቆፈረው ከሰማይ የወደቀ ኮከብ ነው ብሎ ተከራከረን። ሳቅንበት፤ ነገር ግን ለምን እንዳልሆነ ሊያስረዳው የቻለ ከመካከላችን አልተገኘም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ክርክር የዘገየ መልስ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ሙከራ ገልጿል። በእርጥብ ሸክላ ላይ ጥይት ጣለ፤ ደግሞም የአልባስጥሮስ ዱቄት አፈላ። ሁለቱም የጨረቃን የመሰለ ክብ ጉድጓድ ሰጡት። ሆኖም ጨረቃን የሚመታ ድንጋይ ከየት ሊመጣ እንደሚችል ስላልታየው የፍላቱን መረጠ። የእሳተ ገሞራው ሐሳብ ከዚያ በኋላ ለረዥም ዘመን ጸንቶ ኖረ።

ከሁሉ የሚያስገርመው የአሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ የግሮቭ ካርል ጊልበርት ታሪክ ነው። በ1891 በአሪዞና ወደሚገኘው፥ ስፋቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ወደሚሆነው ጉድጓድ ሄደ። በዙሪያው የሰማይ ብረት ስብርባሪ ተበትኗል። ጉድጓዱን የቆፈረው ብረት ከሆነ ከታች ተቀብሮ መገኘት አለበት ብሎ በማግኔት ፈለገው፤ መርፌው ግን ምንም አላመለከተም። ስለዚህ የፈነዳው እንፋሎት ነው ብሎ ደመደመ። በ1892 ደግሞ ጨረቃን 18 ሌሊት በመነጽር ተመልክቶ፥ የእርሷ ጉድጓዶች በመመታት የመጡ ናቸው አለ! የሩቁን አውቆ በእግሩ የረገጠውን ሳተ። እኔ ግን አልፈርድበትም፤ መንገዱ ትክክል ነበር፥ የጎደለው የፍጥነት ነገር ነው። ዳንኤል ባሪንጀርም ከ1903 ጀምሮ ያንኑ ብረት ፍለጋ ሲያስቆፍር ብዙ ገንዘብ አጥፍቷል።

በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ የመጣ ትልቅ አካል ምድርን ሲመታ እንደ ጥይት ተቀብሮ አይቀርም። ጉልበቱ በቅጽበት ግፊትና ሙቀት ሆኖ፥ ራሱም የመታው ዐለትም ይቀልጣሉ፥ ይተናሉ። ነገሩ ፍንዳታ ስለሆነ፥ በጣም አግድም ካልመጣ በስተቀር በስተጎን የመጣው እንኳ ክብ ጉድጓድ ይተዋል። ኤስቶኒያዊው ኧፒክ በ1916፥ የኒው ዚላንዱ ጊፎርድ በ1924 ይህን አስረድተዋል። ጉድጓዱ ትልቅ ሲሆን ደግሞ የተጨቆነው ወለል ተመልሶ ይነሣና በመካከሉ ኮረብታ ይቆማል፤ ጠርዙም እየተናደ እርከን ይሠራል።

እንግዲህ ቅርጽ ብቻውን ካልመሰከረ ማን ይመስክር? ድንጋዩ ነዋ። በ1960 ቻኦ፥ ሹሜከርና ማድሰን በአሪዞናው ጉድጓድ ኮሳይት የተባለውን ማዕድን አገኙ። ይህ ኳርትዝ እጅግ ሲጨቆን የሚሆነው ነው፤ እሳተ ገሞራ በምድር ገጽ ላይ ያንን ያህል ግፊት ሊሰጥ አይችልም። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ በጋና ያለው የቦሱምትዊ ሐይቅ ነው። ይህ 10.5 ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ክብ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሐይቅ፥ በ1930ዎቹ እሳተ ገሞራ የሠራው ነው ተብሎ ተጽፎለት ነበር፤ በ1961 ኮሳይት ተገኘበትና ክርክሩ ወደ ሰማይ አዘነበለ።

የሐዋሳ ድንጋይ ግን ሌላ ይናገራል። በዙሪያው ያለው ባልጩት፥ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ፓሚስና የተነጠፈ ዐመድ ነው። ቀልጦ የነበረው ዐለት ከጥልቁ በፍንዳታ ሲወጣ፥ በላዩ የነበረው መሬት ምሰሶው እንደ ተነሣ ጣሪያ ሰመጠ። ሊቃውንት ይህን ካልዴራ ይሉታል። በሰሜን በኩል ያለው ኮርቤቲ ከ180,000 ዓመት ገደማ በፊት እንዲሁ የሰመጠ ሲሆን፥ የሐዋሳው ከእርሱ ይሰፋል፥ በዕድሜም ብዙ ይቀድመዋል። በዓለም በመመታት መፈጠራቸው ከተረጋገጠው ወደ 200 ከሚጠጉ ጉድጓዶች አንድም በኢትዮጵያ አልተመዘገበም።

ለጓደኛችን ግን አንድ ነገር ልተውለት። በኮርቤቲ ውስጥ እስከ ዛሬ እንፋሎት የሚተነፍስ እሳተ ገሞራ አለ፤ ስሙ ኡርጂ ነው። ኡርጂ በኦሮምኛ ኮከብ ማለት ነው። ያን ጊዜ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ክርክሩ የምሳ ደወል ሲደወል ባላበቃ ነበር።