የአቧራው ሞትና አስታማሚዎቹ

በ1960 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ክሪስ ዋግነር የተባለ ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከደቡብ አፍሪካ የኬፕ ግዛት ሰሜን ምዕራብ የ33 ሕሙማንን ታሪክ ይዞ ብቅ አለ። በሽታው ሜሶቴሊዮማ ነበር፤ ሳንባን ከውጭ የሚሸፍነውን ስስ ገለፈት የሚይዝ ክፉ ካንሰር። ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ሰማያዊ አስቤስቶስ በሚቆፈርበት አገር የሠሩ ወይም የኖሩ ሆነው ተገኙ። ማዕድኑን በእጃቸው ነክተው የማያውቁም ነበሩባቸው።

በአምስተኛው ዓመት ሙሪየል ኒውሃውስና ሂልዳ ቶምሰን ለንደን ውስጥ የ76 ሰዎችን መዝገብ አገላበጡ። ከባድ የሚሆንብኝ ይህኛው ጥናት ነው። ከታመሙት መካከል ፋብሪካ ገብተው የማያውቁ፣ ግን የባላቸውን የሥራ ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ሴቶች ነበሩ። ለቤት ተብሎ የተሠራው በጎ ሥራ በሽታውን ይዞ ገባ። ሌሎቹ ደግሞ ከፋብሪካው በግማሽ ማይል ክልል ውስጥ ከመኖር በቀር ከአስቤስቶስ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር አልተገኘም።

የአስቤስቶሱ አቧራ ሰውነት ውስጥ ከ20 እስከ 50 ዓመት አድፍጦ ይቀመጣል። በሽታው ከታወቀ በኋላ ግን ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት ብዙም አይሻገሩም። ብሪታንያ ሰማያዊውንና ቡናማውን አስቤስቶስ በ1985፣ የቀረውን በ1999 ብታግድም መርከብ ግንባታ ውስጥ የቧንቧ መሸፈኛ ሲቆርጥ የነበረ ወጣት ጡረታ ከወጣ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሳንባው ዙሪያ ውሃ ይቋጠራል፣ ይቀዳል፣ መልሶ ይቋጠራል።

በዚሁ ዘመን ሌላ ታሪክ ጎን ለጎን ይሄድ ነበር። ሲስሊ ሳንደርስ የተባለች ሐኪም ከ1958 ጀምሮ ለንደን ሃክኒ ባለው ሴንት ጆሴፍ ሆስፒስ (ሆስፒስ ለሞት የተቃረቡ ሕሙማን የሚታከሙበት ነው) ሕመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ሞርፊን በሰዓቱ እንዲሰጥ አደረገች፤ በ1967 ደግሞ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፣ የአእምሮም የቤተሰብም የመንፈስም ነው ትል ነበር። የአስቤስቶስ በሽተኛ ላይ ቁጭት ይጨመርበታል። ይህን ሞት ያመጣበት ሰው አለ፤ ስሙንም ያውቀዋል።

ሆስፒሱ የማይሞላው ክፍተት ግን ነበር። ነርሷ ትመጣለች፣ ትሄዳለች፤ ሌሊቱ የቤተሰብ ነው። በ2003 ኒውዮርክ ውስጥ ሄንሪ ፈርስኮ ዋይስ የተባለ የሆስፒስ ማኅበራዊ ሠራተኛ ወላዶችን የሚያግዙትን ሴቶች አሠራር ወስዶ ለሚሞቱት አዋለው። በፈረንጁ ዱላ ይሏቸዋል (ከበትሩ ጋር እንዳይምታታ)፤ እኔ አስታማሚ ብላቸው ይቀለኛል። መድኃኒት አይሰጡም። ትራሱን ከፍ አድርገው ያስደግፉታል፣ ትንሽ ማራገቢያ ወደ ፊቱ ያዞራሉ፤ ነፋሱ ጉንጭና አፍንጫ ላይ ሲያርፍ የትንፋሽ ማጠሩ ስሜት ይቀልላል። ማን አጠገቡ እንዲሆን፣ ምን እንዲነበብለት እንደሚፈልግ አፉ ሳይያዝ ይጠይቁታል። ንዴቱንም ‹‹ተወው፣ እርሳው›› ሳይሉ ይሰሙታል።

በዚህ በሽታ የተያዘን ሰው የምታስታምም ሴት ሌላም ማወቅ አለባት። እንግሊዝ አገር በሜሶቴሊዮማ የሞተ ሰው በሥራ ምክንያት እንደሞተ ስለሚቆጠር ጉዳዩ ኮሮነር ለሚባለው የሞት መርማሪ ይቀርባል። አስከሬኑ እንዲመረመር ሊታዘዝ፣ ቀብሩም ሊዘገይ ይችላል። ባሏን ገና አሁን የሸኘች ሴት ይህን በዚያች ሰዓት ከማታውቀው ሰው ብትሰማ እንደ ወንጀል ምርመራ ይሆንባታል። ከሳምንታት በፊት በእርጋታ የሚነግራት ሰው መኖሩ፣ በእኔ ሚዛን፣ ሻማ ከማብራትና ዜማ ከማሰማት ይበልጣል። ችግሩ በብሪታንያም በአሜሪካም ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ አለመኖሩ ነው፤ ማንም ተነስቶ አስታማሚ ነኝ ማለት ይችላል።

ገንዘቡስ? በ2010 የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚህ በሽታ የሞተ ሰው የታከመበት ሆስፒስ ያወጣው ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ወጪ አሠሪው በሚከፍለው ካሳ ውስጥ እንዲገባ ፈረደ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን በበኩሉ የሆስፒስ አገልግሎት ይሸፍናል፣ አስታማሚዋን ግን በዝርዝሩ አላስገባትም። በፈቃደኝነት ካልመጣች በቀር የሚከፍላት ቤተሰቡ ነው።